ከምዝገባው በኋላ የደረስን

ባለፈው ሳምንት አከራዬ ደወሉልኝ። «እንደምን ከረምሽ የኔ እናት?» ብለው ጤናዬን፣ ሥራዬን፣ የእናቴን የስኳር ሕመም ሳይቀር አንድ በአንድ ጠየቁኝ። አዲስ አበባ ተከራይቶ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ አከራይ የእናትህን ጤና ከጠየቀ ከኋላው ነገር አለ። ነበረም። ስቱዲዮዋን በሰኔ 2016 በ9,000 ብር ስንዋዋል አዲሱ የኪራይ አዋጅ ከወጣ ገና ጥቂት ወራት ነበር። ስለዚህ ውላችን በሕጉ መሠረት የሁለት ዓመት ነው፣ ወረዳም ተመዝግቧል። አሁን ሊያልቅ ነው። «ወረቀቱ ላይ ያለው እንዳለ ይሁንና ከወረቀቱ ውጭ ሦስት ሺህ ብር ጨምሪልኝ» አሉ።

ልናደድ ስል ምክንያታቸውን ነገሩኝ። ቤቱ በ20/80 ዕጣ የደረሳቸው ነው። የባንክ ዕዳው አላለቀም። እሳቸው ራሳቸው አንድም ቀን አድረውበት አያውቁም፤ ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ እናታቸው የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው የሚኖሩት። የቀበሌው ኪራይ ስንት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ሳቁ። «ስድስት ብር ከምናምን። ልከፍል የምሄድበት ታክሲ ይበልጣል።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። አንድ ቤተሰብ ለመንግሥት በወር ስድስት ብር ይከፍላል። እኔ ደግሞ መንግሥት ባሠራው ሌላ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ለዚያው ቤተሰብ ዘጠኝ ሺህ እከፍላለሁ፣ አሥራ ሁለት ሺህ ላደርገውም ነው። ሁለቱም ቤቶች በፖሊሲ ቋንቋ «ዝቅተኛ ገቢ ላለው ኅብረተሰብ» የሚባሉ ናቸው። በመካከላችን ሌባ የለም፣ አጭበርባሪ የለም። ታዲያ እንዴት እዚህ ደረስን?

ኢኮኖሚክስ ስማር «የሽግግር ኢኮኖሚ» የሚል ምዕራፍ ነበረን። ከዕዝ ኢኮኖሚ ወደ ገበያ ስለተሻገሩ አገሮች ነው፤ ሩሲያ፣ ፖላንድ፣ ሀንጋሪ፣ ቻይና። ስለ ፋብሪካዎች ሽያጭ፣ ስለ ዋጋ ነፃ መለቀቅ ብዙ ይላል። ስለ መኖሪያ ቤት ግን አንድ ሁለት አንቀጽ ብቻ። ስለ እኛም ምንም አይልም፤ በ1983 እኛም ያንኑ ድልድይ የተሻገርን እንዳልሆንን ሁሉ። ተመርቄ ሥራ ፍለጋ ስንከራተትና ቤት ስከራይ ነው የተዘለለው ክፍል ዋናው እንደነበር የገባኝ።

የሩሲያን ልጀምር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1991፣ ሶቭየት ኅብረት ከመፍረሷ ወራት በፊት፣ የሩሲያ ፓርላማ የቤቶችን ወደ ግል መዛወር የሚመለከት ሕግ አወጣ። በኋላም ተከራይ የመንግሥት አፓርታማውን በነፃ በስሙ ማዛወር እንዲችል ሆነ። በነፃ! ለምን? አንደኛ፣ መንግሥት ጣሪያ የሚጠግንበት፣ የማሞቂያ ቧንቧ የሚቀይርበት ገንዘብ አልነበረውም። ሁለተኛ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1992 ዋጋ ሲለቀቅ የሕዝቡ ቁጠባ በወራት ውስጥ ተነነ፤ ደመወዝ ቀረ፣ ፋብሪካ ቆመ። ለሰዉ የቀረው ነገር ጣሪያው ብቻ ነበር። አንዳንድ ኢኮኖሚስቶች ይህን ቤት ማደል መኪና ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ተሳፋሪው እንዳይነጥር ከሚይዘው ዕቃ ጋር አመሳስለውታል። እውነትም ይዟል። ያን ሁሉ ሥራ አጥነትና ረሃብ ሰዉ የተቋቋመው ቢያንስ ከቤቱ የሚያስወጣው ስለሌለ ነው።

ሌሎቹም ተከተሉ። ሀንጋሪ ለተከራዮች ከገበያው ዋጋ በጥቂት ክፍልፋይ ሸጠች። አልባኒያና ሩማንያም አብዛኛውን የመንግሥት ቤት በአጭር ጊዜ ለነዋሪው አስተላለፉ። ዛሬ ሩማንያ ውስጥ ከመቶ ሰው 95ቱ ገደማ በራሱ ቤት ይኖራል። ከእሷ በብዙ እጥፍ የምትበልጠው ሀብታሟ ጀርመን ውስጥ ግን ግማሹ ያህል ሕዝብ ተከራይ ነው። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ሳየው የትየባ ስህተት መስሎኝ ነበር።

ቁጥሩ ግን ሁለት ነገር ይደብቃል። የመጀመሪያው የጥገናው ጉዳይ ነው። ጡረተኛዋ ባለቤት ሆነች፤ ባለቤትነቱ ግን የሚያንጠባጥብ ጣሪያ፣ የቆመ አሳንሰርና የዛገ ቧንቧም ጭምር ነው። በጡረታ ደመወዝ አሳንሰር አይጠገንም። ሀንጋሪ ውስጥ ደግሞ ጥሩ ጥሩውን ቤት አቅም ያለው ቀድሞ ገዛው፤ ማዘጋጃ ቤቶች እጅ ላይ የቀረው የተጎሳቆለውና እጅግ ድሃው ተከራይ ያለበት ነው። ዛሬ ከአገሪቱ ቤቶች የማዘጋጃ ቤት ይዞታ የሆነው ከመቶ እጅግ ጥቂቱ ብቻ ነው። አዲስ ድሃ ሲመጣ የሚሰጡት ነገር የለም።

ሁለተኛው ለእኔ ይብሳል። በነፃ መታደል ሲባል ሁሉም እኩል ያገኘ ይመስላል። በዚያች ቀን ሞስኮ መሐል ሰፊ አፓርታማ ይዞ የነበረ ሹም ሰፊ አፓርታማ አገኘ። ከሦስት ቤተሰብ ጋር ወጥ ቤት ይጋራ የነበረ ሠራተኛ አንድ ክፍል አገኘ። ለዓመታት ወረፋ ላይ የነበረ ወረፋውን ይዞ ቀረ። የፋብሪካ ማደሪያ ውስጥ የነበረ ወጣት ምንም። ከዚያ በኋላ የተወለደው ከአያት ካልወረሰ በገበያ ዋጋ መግዛት አለበት። የሶሻሊዝም የሹመት ደረጃ በአንድ ሌሊት ወደ ካፒታሊዝም ሀብት ተቀየረ ማለት ነው። በዚያች ቀን ቁልፍ በእጁ የነበረ አለፈለት፤ ያልነበረው አላለፈለትም።

ኢስቶኒያ ሌላ መንገድ ሞከረች። ሶቭየት የወረሰቻቸውን ቤቶች እ.ኤ.አ. ከ1940 በፊት ለነበሩት ባለቤቶችና ለወራሾቻቸው መለሰች። ፍትሕ ነው፣ የተቀማ ይመለስ። ነገር ግን እነዚያ ቤቶች ውስጥ ሰው ነበረ። ሕጋዊ ወረቀት ይዞ፣ ልጅ ወልዶ አሳድጎ። አንድ ጠዋት ሲነሳ የማያውቀው ወራሽ አከራዩ ሆኗል። ጎረቤቱ የመንግሥት ፎቅ ላይ ስለነበር ብቻ ባለቤት ሲሆን እሱ ሊባረር የሚችል ተከራይ ሆነ።

ይህን ሳነብ አያቴ ትዝ አሉኝ። በእኛ ቤት «አዋጅ 47» የሚባል ነገር የዘመን መለያ ነው። ሐምሌ 1967 ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገበት። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ፤ ከዚያ ያለፈው ተወረሰ። ኪራዩ ከመቶ ብር በታች የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ የሚበልጠው ለኪራይ ቤቶች ሄደ። ኪራይም በአዋጁ ተቀነሰ። የተወረሰባቸው አለቀሱ፣ ተከራዮች እልል አሉ። አያቴ እልል ካሉት ነበሩ። እንግዲህ እዚህ ጋ የተወረሰባቸው ሰዎች ልጆች ይህን ያነቡ ይሆናል፤ ለእነሱ ታሪኩ ሌላ እንደሆነ አውቃለሁ።

ደርግ ወድቆ ገበያ ሲመጣ ያው የሞስኮና የታሊን ጥያቄ አዲስ አበባም መጣ። ኢሕአዴግ ከአዋጁ ውጭ የተወሰዱትን አይቶ የሚመልስበት መንገድ አበጀ እንጂ ትርፍ ቤቶችን በጅምላ አልመለሰም። እንደ ሩሲያም ለተከራይ አልሰጠም። መሬቱም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ ጸና። ቀበሌ ቤት ባለበት ቀጠለ፤ ኪራዩም ባለበት።

በስድስት ብር ቤት አይጠገንም። ስድስት ብር ዛሬ አንድ ዳቦም አትገዛ። መንግሥት የሚጠግንበት ገቢ የለውም፤ ተከራዩ ደግሞ ያለፈቃድ ምስማር ቢመታ ያስጠይቀዋል፣ ፈቃድ ቢያገኝም የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ገንዘቡን ለምን ያፈሳል? ስለዚህ ጭቃው ይረግፋል፣ ቆርቆሮው ይበሳል፣ ጓሮ በላስቲክና በጣውላ ይቀጠላል፤ የተቀጠለው ደግሞ በገበያ ዋጋ ይከራያል። ተማሪ ሆኜ ይህን «የዋጋ ቁጥጥር ውጤት» ብዬ በኩራት ጽፌ ጥሩ ማርክ አግኝቼበታለሁ።

ያልጻፍኩት ግን ነበረ። ቀበሌ ቤት ድሃውን መሐል ከተማ አቆይቶታል። ብዙ ከተሞች ውስጥ ሀብታም መሐል፣ ድሃ ዳር ነው። አዲስ አበባ ግን ከባለ አጥር ቪላ ጎን እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ከሆቴሉ ጀርባ ሊስትሮው ይኖሩ ነበር። ሥራው በእግር መንገድ ነው። ዕድሩ እዚያው፣ ሱቁ በዱቤ የሚሰጠው እዚያው። አያቴ ጠላ ሸጠው እናቴን ያስተማሩት ገበያው ደጃቸው ላይ ስለነበር ነው። ይህ በኪራይ ደረሰኝ ላይ የማይታይ ድጎማ ነው፤ ፒያሳና አካባቢው ለኮሪደር ልማት ሲነሳ የሄዱት ሰዎች ዳር ከተማ የተሻለ ግድግዳ አግኝተውም «ሥራ የለም» የሚሉት ለዚህ ይመስለኛል።

ከዚያ ኮንዶሚኒየም መጣ። በ1996 ገርጂ ላይ በሙከራ ተጀምሮ ወደ ትልቅ ፕሮግራም አደገ። ዕቅዱ በአምስት ዓመት 400 ሺህ ቤት ነበር፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2010 የተሠራው 171 ሺህ ገደማ ነው። ዕቅዱን አልደረሰም ብሎ መተቸት ቀላል ነው። እኔ ግን በአፍሪካ ስንት አገር ይህን ያህል ሠራ ብዬ ስጠይቅ ባርኔጣ አነሳለሁ። በብሎኬት፣ በብረትና በኮብልስቶን ሥራ የተደራጀው ወጣትም ቀላል አልነበረም። እንጀራ መጋገሪያና በግ ማረጃ የሚሆን የጋራ ቤት ሳይቀር ነው የታሰበው። ፎቅ ላይ በግ እንዳይታረድ ያሰበ መሐንዲስ አገሩን ያውቃል።

ችግሩ የተሠራው ቤት ለሽያጭ መሆኑ ላይ ነው። ለኪራይ የተያዘ አልነበረም። 20 በመቶ ቅድሚያ፣ 80 በመቶ ብድር፣ ዕጣ። ቅድሚያውን ያገኘ ቤቱን ያገኛል፤ የወር ክፍያውን መቻል ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ብዙ ዕድለኛ ቤቱን አከራይቶ ዕዳውን ይከፍላል፣ እሱ ዘመድ ጋ ወይም ቀበሌ ቤት ይቆያል። ለአምስት ዓመት መሸጥ ክልክል ነው፤ ማከራየት ግን አልተከለከለም። ልክ እንደ አከራዬ። ጥፋት የለባቸውም፤ ፖሊሲው ያዘጋጀላቸውን ብቸኛ በር ነው የከፈቱት። መንግሥት ግን በዚያች ዕጣ የሰጣቸው መኖሪያ ሳይሆን ሀብት ነው። በገበያው ዋጋና በተሸጠላቸው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት በሙሉ፣ አንዴ፣ ለአንድ ሰው። ሩሲያ ቁልፍ ለያዘ ሰጠች፤ እኛ ቁጥሩ ለወጣለት። ሁለቱም ጋ ቤቱ ከሕዝብ እጅ ወጣ፤ ቀጥሎ ለሚመጣው ድሃ አይሆንም።

ቦታው ከየት መጣ የሚለውም አለ። ዳር ከተማ ላይ ያረሱ የነበሩ ገበሬዎች በትንሽ ካሣ ተነስተዋል። የካቲት 2011 ከ51 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ ኮዬ ፈጬ ላይ የተነሳው ቁጣ ከሰማይ አልወረደም።

የእናቴን ነገር ልናገር፤ የምናደደው በዚህ ነው። በ1997 ምዝገባ ከ450 ሺህ በላይ ሰው ሲመዘገብ እሷም ተሰልፋ ተመዘገበች። እኔ ያኔ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ሰልፉ ላይ ጃንጥላዋ ሥር ቆሜ አስታውሳለሁ። በ2005 ዳግም ምዝገባ ከ800 ሺህ በላይ ሲመጣ ባለ አንድ መኝታ መርጣ በወር 274 ብር ንግድ ባንክ ማስገባት ጀመረች። እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ለመመዝገብ 18 ያስፈልጋል። ሐምሌ 2014 ዕጣው ወጣ፣ ስሟ የለም። ከቀናት በኋላ ዳታው ተነካክቷል ተብሎ ዕጣው ተሰረዘ፤ ሰዉ እልል ያለበትን ዋጠ። ኅዳር 2015 እንደገና ወጣ። አሁንም የለችም።

ይህ ብቻ ቢሆን ዕድል ነው እንላለን። ግን ገንዘቡን እንከተለው። እናቴ ያስቀመጠችበት ባንክ ለቤት ዕድለኞች የሚያበድረው ባንክ ነው። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነው። በ2014 የዋጋ ንረቱ 30 በመቶን ሲያልፍ ደብተሯ ላይ ያለው ብር በየዓመቱ ይቀልጥ ነበር። የዕድለኛው ዕዳ ደግሞ በብር የተወሰነ ስለሆነ አብሮ ይቀልጣል፤ ቤቱ ግን ዋጋው ይጨምራል። በቀላል አማርኛ፣ የእናቴ ቁጠባ ለአከራዬ ቤት ድጎማ ሆነ፤ ልጇ ደግሞ ለዚያው ቤት ኪራይ ትከፍላለች። ሁለት ጊዜ ከፈልን ማለት ነው። አከራዬ ይህን ብነግራቸው አያምኑኝም፤ እሳቸው ባንኩ የበላቸው ነው የሚመስላቸው።

«ታዲያ ምን ይደረግ፣ ገንዘብ ከየት ይምጣ?» የሚል አይጠፋም። ፍትሐዊ ጥያቄ ነው። ግን ገንዘቡ ወጥቷል እኮ! መሬቱ ተሰጥቷል፣ ቦንዱ ተሸጧል፣ ሲሚንቶው ገብቷል። ጥያቄው የተሠራው ቤት ለምን ሁሉም ተሸጠ ነው። ግማሹ እንኳ በከተማው እጅ ለኪራይ ቢቀር፣ ዋጋ ንረቱ የቀለጠው ዕዳ ጥቅም ለአንድ ዕድለኛ ሳይሆን ለከተማው በሆነ ነበር። ኪራዩ ስድስት ብር መሆን የለበትም፤ አሥራ ሁለት ሺህም። የተከራዩን ገቢ ያየ፣ ፓምፑንና ደረጃውን የሚያስጠግን፣ በየዓመቱ የሚከለስ። ማኅበራዊ ቤት የሚባለው ይኸው ነው፤ ገቢህ ሲያድግ ለቀህ ሌላው ይገባበታል።

ቻይናም ወደዚህ ተመልሳለች። እ.ኤ.አ. በ1998 በመሥሪያ ቤት በኩል የሚታደል ቤትን አቁማ ለሠራተኞች ሸጠች። ዋጋ ሲሰቅል ወጣቱና ከገጠር የመጣው ሠራተኛ ውጭ ቀረ። እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2015 ባለው ዕቅድ 36 ሚሊዮን ድጎማ ያላቸው ቤቶች ልትሠራ ተነሳች፤ ከእነዚህ ውስጥ የመንግሥት የኪራይ ቤት ትልቅ ቦታ ነበረው። ሸጦ ከጨረሱ በኋላ እንደገና መሥራት ውድ ነው።

እኛ ጋ አሁን የሚሰማው የግል አልሚ፣ የመንግሥትና የግል አጋርነት የሚል ነው። ከእነዚያ ቤቶች ስንቱ ለኪራይ እንደሚቀር ሲነገር አልሰማሁም። ከተማው ውስጥ ግን ከግማሽ በላይ የምንሆነው ተከራዮች ነን። የኪራይ አዋጁን አላጣጥልም። እሱ ባይኖር አከራዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይጨምሩ አይቀመጡም ነበር። በየስድስት ወሩ ፍራሽ ተሸክሜ ደላላ ተከትዬ የዞርኩበት ጊዜ አልረሳሁትም። ግን ሕጉ የሚያስተዳድረው የእኔንና የአከራዬን ጠብ ነው፤ አንድ ቤት አልጨመረም። መንግሥት ሊሸከም የሚገባውን ጭነት ዕዳ ባለባቸው አንዲት እናትና ደመወዟ በማይበቃት አንዲት ልጅ መካከል አካፈለው።

የብሎካችን ኮሚቴ ደግሞ ለውኃ ፓምፕ በቤት 1,500 ብር ይዋጣ ብሎ ደረጃው ላይ ለጥፏል። ባለቤቱ ይክፈል ወይስ ተከራዩ የሚል ክርክር ከሁለት ሳምንት በፊት ተጀምሮ አላለቀም። አብዛኛው ባለቤት እዚህ አይኖርም፤ ፓምፑ ቢቆም አይጠማውም። ቡዳፔስትና ሞስኮ ስለ አሳንሰር የሚጨቃጨቁትን እኛ ስለ ውኃ እንጨቃጨቃለን። ባልዲ መሸከሙን ለምጄዋለሁ፣ አራተኛ ፎቅ ነኝ።

ለአከራዬ ትናንት መልስ ሰጠሁ። ጭማሪው ውሉ ላይ ከተጻፈና ወረዳ ከተመዘገበ ሁለት ሺህ ብር እጨምራለሁ አልኳቸው። «ከተጻፈማ ግብሩ እኔ ላይ ነው የሚመጣው የኔ እናት» አሉ። የሚጨምረውን ግብር አስልቼ በቴሌግራም ላኩላቸው። አይተውታል፣ አልመለሱም። ውሉ የሚያልቀው ሰኔ 30 ነው።